ሴቶች፣ ጥቁሮችና የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች በአሜሪካ ጦር ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ አሜሪካ ጦር ሲወራ "ማን ይግባ፣ ማን ይቅር" የሚለው ነገር ሳይነሳ አይቀርም። ዜናው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይገለባበጣል። አንዱ ፕሬዚዳንት የፈቀደውን ቀጣዩ ይሽረዋል። ሰውም የትኛው እንደጸና፣ የትኛው እንደቀረ ግራ ይገባዋል። ከዚህ በታች ያሉት ብዙ ጊዜ የሚነሱት ጥያቄዎች ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥቁሮች ለአሜሪካ መዋጋት የጀመሩት ከመቼ ጀምሮ ነው?

ከመጀመሪያው ጀምሮ። ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው የነጻነት ጦርነት ጥቁር ወታደሮች ነበሩ። በእርስ በርሱ ጦርነት (ከ1861 እስከ 1865) ደግሞ ወደ 180,000 የሚሆኑ ጥቁሮች በሰሜኑ ጦር ተሰልፈዋል።

ደመወዛቸው ግን ሌላ ነበር። ነጭ ወታደር በወር 13 ዶላር ያገኛል። ለጥቁሩ 10 ዶላር ይመደብለትና ከዚያም ላይ 3 ዶላር ለልብስ ይቆረጥበታል። እጁ ላይ የምትደርሰው 7 ዶላር ናት። የማሳቹሴትስ 54ኛ ሬጅመንት ወታደሮች "እኩል ካልሆነ ጭራሽ ይቅርብን" አሉ። ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ተዋጉ። ቤተሰቦቻቸው በችግር ላይ እያሉ ማለት ነው። ኮንግረስ ደመወዙን ያስተካከለው በ1864 ነው።

ከነጮች ጋር በአንድ ክፍል ማገልገል የጀመሩትስ?

በወረቀት ጁላይ 26 ቀን 1948፣ በተግባር ግን በኮሪያ ጦርነት ጊዜ።

ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በዚያ ቀን የፈረሙት ትእዛዝ ቁጥር 9981 ይባላል። በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ ሀገር ሳይለይ ለወታደሩ ሁሉ እኩል አያያዝና እኩል ዕድል ይሰጥ ይላል። "ለየብቻ ማሰለፍ ይቅር" የሚል ቃል ግን የለበትም። የምድር ጦሩ አለቆች በዚህች ቀዳዳ እየሾለኩ ነገሩን አጓተቱት።

ትሩማንን ክፉኛ ካስቆጧቸው ነገሮች አንዱ በጥቁሩ አምሳ አለቃ አይዛክ ዉዳርድ ላይ የደረሰው ነው። ሰውየው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተመልሷል። በፌብሩዋሪ 1946 ከጦሩ በክብር ተሰናበተ። በዚያው ዕለት የደንብ ልብሱን እንደለበሰ በአውቶቡስ ወደ ቤቱ ሲጓዝ፣ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ፖሊስ አወረደው። በዱላ ሁለቱንም ዓይኖቹን አጠፉት። የፖሊስ አዛዡ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ነጮች ብቻ የተቀመጡበት ዳኝነት ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነጻ ለቀቀው።

ትእዛዙን መሬት ያወረደው ግን ይበልጡን ጦርነቱ ራሱ ነው። ኮሪያ ላይ የነጮቹ ክፍሎች ሰው አለቀባቸው። ከኋላ ደግሞ ጥቁር ተተኪ ወታደሮች ተቀምጠው ምድብ ይጠብቃሉ። አንዳንድ አዛዦች የዋሽንግተንን መልስ ሳይጠብቁ ወሰዷቸው። የተፈራው ብጥብጥ አልመጣም። ለጥቁር ብቻ ተብሎ የተቋቋመው የመጨረሻው ክፍል በ1954 ፈረሰ።

ለየብቻ ማገልገሉ ምን ጉዳት ነበረው? ዞሮ ዞሮ ሁሉም ወታደር አይደል?

ጉዳቱ ሥራው ላይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጥቁር አሜሪካውያን አገልግለዋል። አብዛኛዎቹ የተመደቡት ግን መሸከም፣ መጫን፣ መንዳትና ማብሰል ላይ ነበር።

ዶሪ ሚለርን እንይ። ባሕር ኃይል የገባው በምግብ ቤት ረዳትነት ነው። ለጥቁር የተከፈተው በር በአመዛኙ ያ ብቻ ነበርና። ጃፓን ሃዋይ ያለውን የባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን በደበደበችበት ቀን የቆሰለውን የመርከቡን አዛዥ ከተሸከሙት ሰዎች አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ያላስተማረውን ፀረ አውሮፕላን መትረየስ ይዞ ተኮሰ። በ1942 የባሕር ኃይል መስቀል ኒሻን ተሸለመ፤ ያንን ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ነው። በ1943 መርከቡ ሰምጦ ሞተ። ዛሬ ባሕር ኃይሉ አንድ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ በስሙ እያሠራ ነው።

የፖርት ቺካጎው ታሪክ ግን ከዚህም ይብሳል። ቦታው ካሊፎርኒያ ነው። ጥይትና ቦምብ መርከብ ላይ የሚጭኑት ጥቁሮች፣ የሚያዙት ነጮች ነበሩ። በቂ ሥልጠና አልነበረም። መኮንኖቹ የማን ቡድን ቶሎ ይጭናል እያሉ ይወራረዱ ነበር። ጁላይ 17 ቀን 1944 ፈነዳ። 320 ሰው ሞተ፤ ከነዚህ ውስጥ 202ቱ ጥቁር ወታደሮች ናቸው። የተረፉት ከሳምንታት በኋላ ወደዚያው ሥራ ተመለሱ ሲባሉ ብዙዎቹ እምቢ አሉ። 50ዎቹ በአመፅ ተከሰው በጦር ፍርድ ቤት ተፈረደባቸው። ባሕር ኃይሉ ፍርዱን የሻረው ጁላይ 17 ቀን 2024 ነው። ልክ በ80ኛ ዓመቱ። የተፈረደባቸው ግን ቀድመው አልፈዋል።

መኮንን መሆንም ቀላል አልነበረም። ቤንጃሚን ዴቪስ ጁኒየር የምድር ጦሩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ዌስት ፖይንት በገባበት በ1932 ነጮቹ ዕጩ መኮንኖች አደሙበት። ለሥራ ካልሆነ በቀር ለአራት ዓመት ማንም አላነጋገረውም። ብቻውን በላ፣ ብቻውን ተኛ። በ1936 ተመረቀ። በኋላ የቱስኪጊ አብራሪዎች የሚባሉትን ጥቁር የጦር አብራሪዎች በጦር ሜዳ መራ፤ በአየር ኃይሉም የመጀመሪያው ጥቁር ጄኔራል ሆነ።

ከጥቁሮች ሌላ ያሉት አናሳ ወገኖችስ?

እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። በጣም የሚገርመው የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ጉዳይ ነው። መንግሥት ቤተሰቦቻቸውን በሽቦ በታጠረ ካምፕ አጉሮ ልጆቹን ለጦርነት መለመለ። 442ኛው ሬጅመንት ጣሊያንና ፈረንሳይ ላይ ተዋጋ። ከብዛቱና ካገለገለበት ጊዜ አንጻር በአሜሪካ ጦር ታሪክ እጅግ ከተሸለሙት ክፍሎች አንዱ ነው። የናቫሆ ሕንዶች ደግሞ በቋንቋቸው የሬዲዮ ምስጢር ሠሩ፤ ጃፓኖች ሊፈቱት አልቻሉም። የመጀመሪያዎቹ 29 ነበሩ።

ሃይማኖትም ጥያቄ ያስነሳል። ጥምጥምና ጺም ለሲክ እምነት ተከታይ ግዴታ ነው። ምድር ጦሩ በ2017 ፈቃዱ በብርጌድ አዛዥ ደረጃ እንዲሰጥ አደረገ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሰው ለየራሱ ደጅ ይጠና ነበር።

ሴቶች በይፋ ወታደር የሆኑት መቼ ነው?

እንደ ቋሚ ወታደር ከሆነ፣ ጁን 12 ቀን 1948 በወጣው ሕግ። የትሩማን ትእዛዝ ከመውጣቱ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው።

ሕጉ በአንድ እጁ እየሰጠ በሌላው የሚነሳ ነበር። ከተራ ወታደሮች መካከል ሴቶች ከ2 በመቶ መብለጥ የለባቸውም። ጄኔራል መሆን አይችሉም። ጦር መርከብና የውጊያ አውሮፕላን ላይ አይመደቡም። የቁጥርና የማዕረግ ገደቡ የተነሳው በ1967 ነው። በ1970 ሁለት ሴቶች በአንድ ቀን ጄኔራል ሆኑ። በ1976 ዌስት ፖይንት 119 ሴቶችን ተቀበለ፤ ከአራት ዓመት በኋላ የተመረቁት 62 ናቸው።

ከ1948 በፊትም ቢሆን ሴቶች አልጠፉም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ 350,000 ሴቶች የደንብ ልብስ ለብሰዋል። በጣም የተበደሉት ሴት አብራሪዎቹ ይመስሉኛል። ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። አዲስ አውሮፕላን ከፋብሪካ ወደ ጦር ሰፈር ያደርሳሉ፣ ለተኩስ ልምምድ ዒላማ ይጎትታሉ። 38ቱ ሞተዋል። መንግሥት "ሲቪል ናችሁ" ስላለ ለሬሳ ማጓጓዣና ለቀብር የሚከፍል አልነበረም፤ ጓደኞቻቸው ገንዘብ እያዋጡ ይልኳቸው ነበር። እንደ ቀድሞ ወታደር የተቆጠሩት በ1977 ነው።

ጥቁርም ሴትም ሆኖ ማገልገልስ ምን ይመስል ነበር?

ለዚህ 6888ኛው የሚባለውን ሻለቃ ጦር ያህል ጥሩ ምሳሌ የለም። 855 ያህል ሴቶች ናቸው፤ አብዛኛዎቹ ጥቁሮች። አዛዣቸው ሻለቃ ቻሪቲ አዳምስ ትባላለች። በ1945 መጀመሪያ እንግሊዝ፣ በርሚንግሃም ገቡ። የጠበቃቸው እስከ ጣሪያው በፖስታ የተሞላ መጋዘን ነበር። መስኮቶቹ ለአየር ድብደባ ጥንቃቄ ጠቁረዋል። ይበርዳል። ከቤት ተልኮ የተበላሸ ኬክና ብስኩት አይጥ ጠርቷል።

ከጦር ግንባር ያለው ወታደር ለወራት ደብዳቤ አላገኘም። አንዳንዱ ፖስታ ላይ የተጻፈው "ለጁኒየር፣ የአሜሪካ ጦር" ብቻ ነው። ሮበርት ስሚዝ የሚባል ሰው ብቻ ወደ 7,500 ነበር! ሴቶቹ ለእያንዳንዱ ወታደር መለያ ቁጥሩ ያለበት ካርድ አወጡ፤ ካርዶቹ ወደ ሰባት ሚሊዮን ደረሱ። በሦስት ፈረቃ ሌት ተቀን ሠሩ። ስድስት ወር የተሰጣቸውን በሦስት ወር ጨረሱት።

አንድ ጄኔራል ሊጎበኝ መጣ። አሠራራቸው ስላልጣመው "ሥራውን የሚያሳይሽ ነጭ መቶ አለቃ እልካለሁ" አላት። ሻለቃዋን፣ በመቶ አለቃ! "ሬሳዬን ተራምደው ካልሆነ አይሆንም፣ ጌታዬ" አለችው። ሊከሳት አስቦ ነበር፤ ተወው። ሻለቃ ጦሩ የኮንግረስን የወርቅ ሜዳሊያ እንዲያገኝ በሕግ የተወሰነው በ2022 ነው።

ሴቶች በውጊያ መሳተፍ የተፈቀደላቸው መቼ ነው?

ደረጃ በደረጃ። በ1993 የውጊያ አውሮፕላን፣ በዚያው ጊዜ አካባቢ የጦር መርከብ፣ ከ2010 ወዲህ ሰርጓጅ መርከብ። እግረኛ፣ ታንከኛና ልዩ ኃይል የመጨረሻዎቹ ናቸው። ዲሴምበር 3 ቀን 2015 መከላከያ ሚኒስትሩ አሽ ካርተር ያለ አንዳች ልዩነት ሁሉም የሥራ መደብ ይከፈት አሉ። ወደ 220,000 መደብ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግን ሴቶች ውጊያ ውስጥ የገቡት ከዚያ በፊት ነው። ኢራቅና አፍጋኒስታን ግንባር የሚባል ነገር አልነበረም። የነዳጅ መኪና የምትነዳውም ሴት መንገድ ላይ ፈንጂ ይጠብቃታል። በዚያ ላይ የአካባቢውን ሴቶች ወንድ ወታደር መፈተሽ ስለማይችል የግድ ሴት ያስፈልጋል። ደንቡ ሴት እግረኛ ክፍል ውስጥ "መመደብ" አትችልም ይላል። አዛዦቹ ዘዴ አላጡም፤ ወረቀቱ ላይ "ለጊዜው የተያያዘች" ብለው ይጽፋሉ። ሥራው ያው ነው፣ ጥይቱም ያው ነው። ማዕረግ ለማግኘት የሚቆጠረው የውጊያ ምድብ ግን መዝገቧ ላይ አይኖርም። ከ150 በላይ ሴቶች በሁለቱ ጦርነቶች ሞተዋል። የ2015ቱ ውሳኔ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረን ነገር ወረቀት ላይ ማስፈር ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

መስፈርቱ ለሴቶች ተቀንሶላቸው ነው የሚባለው እውነት ነው?

ይህ ጥያቄ ሁሌም ይነሳል፤ መነሳቱም ተገቢ ነው። ሁለት ዓይነት መስፈርት እየተደባለቀ ስለሆነ መጀመሪያ እንለያቸው።

አንደኛው አጠቃላይ የአካል ብቃት ፈተና ነው። ለሁሉም ወታደር፣ ለጸሐፊውም ለሐኪሙም ይሰጣል። እዚህ ላይ ነጥቡ በዕድሜና በፆታ ይለያይ ነበር። የ45 ዓመት ወንድ ከ20 ዓመቱ ያነሰ ቢሮጥም ያልፋል፤ ስለዚህ ግን ማንም አያወራም። ሁለተኛው የሥራው መስፈርት ነው። ታንከኛ ጥይቱን አንስቶ ማጉረስ አለበት። ጥይቱ ደግሞ ማን እንዳነሳው አያውቅም። ይህኛው በሕግም ከፆታ ነጻ እንዲሆን የታዘዘ ነው።

በ2015 ክሪስተን ግሪስትና ሼይ ሄቨር ሬንጀር የሚባለውን የምድር ጦሩን ከባድ የውጊያ ትምህርት ቤት ሲያጠናቅቁ "ረድተዋቸው ነው" የሚል ወሬ ወዲያው ተነዛ። አሰልጣኞቹ ግን ሩጫውም፣ የሸክም ጉዞውም፣ ተራራውም ያው ነበር አሉ። ሁለቱ አንዳንዱን ምዕራፍ ደጋግመው ነው ያለፉት። ብዙ ወንዶችም እንደዚያው ነው የሚያልፉት።

በሌላ በኩል የማሪን ጦር በዚያው ዓመት ያደረገው ሙከራ አለ። ወንዶች ብቻ ያሉባቸው ቡድኖች ከ134 ተግባራት በ93ቱ ድብልቅ ከሆኑት ተሽለዋል። ሴቶቹም ይበልጥ ተጎድተዋል። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ተቺዎቹ ያነሱት ነጥብም ግን ክብደት አለው። ከወንዶቹ ብዙዎቹ በእግረኛ ክፍል የቆዩ ሲሆኑ ሴቶቹ ገና ከሥልጠና የወጡ ነበሩ። ውጤቱም የቡድን አማካይ ነው፤ ከወንዶቹ የሚበልጡትን ሴቶች አያሳይም።

በጁን 2025 ምድር ጦሩ አዲስ ፈተና ጀመረ። በ21 የውጊያ ሙያዎች ላይ ሴትና ወንድ በአንድ መስፈርት ይፈተናሉ። በኔ ግምት ለውጊያ ሙያ አንድ መስፈርት መሆኑ ራሱ ችግር የለበትም። ብዙዎቹ በውጊያ ሙያ ያሉ ሴቶችም ይህንኑ ሲጠይቁ ነበር። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፤ መስፈርቱ የተለካው ከሥራው ነው ወይስ ሰው ለማስቀረት ነው?

ትጥቁስ ለሴት ይስማማል?

ለረጅም ጊዜ አልተስማማም። ጥይት መከላከያ ሰደሪያው የተሠራው በወንድ ልክ ነው። አጭር ሴት ስትቀመጥ ብረቱ ወደ አገጯ ይወጣል፤ ኤም 4 ጠመንጃዋም ትከሻዋ ላይ በትክክል አያርፍም። ጸጉሯን በደንቡ መሠረት ማጅራቷ ላይ ጠቅልላ ስትይዝ ደግሞ፣ መሬት ላይ ተኝታ ቀና ስትል ጉንጉኑ የራስ ቁሩን ከኋላ ይገፋና ዓይኗን ይሸፍናል። ዒላማ ልታይ ቀርቶ ከፊቷ ያለውንም አታይም። ምድር ጦሩ አንድ ጅራት አድርጎ ማሰርን የፈቀደው በ2021 ነው። ሰደሪያውም አሁን በሴት ልክ የተሠራ አለ።

ያረገዘች ወታደር ትባረራለች?

አሁን አትባረርም። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ግን ትሰናበት ነበር። ባለትዳርነትም የራሱ ችግር ነበረው። የአየር ኃይል መቶ አለቃ ሻሮን ፍሮንቲዬሮ ለባሏ የቤትና የሕክምና ጥቅም ስትጠይቅ "በአንቺ መተዳደሩን አስመስክሪ" ተባለች። ወንድ ባልደረባዋ ለሚስቱ እንዲህ አይጠየቅም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 ስምንት ለአንድ ፈረደላት።

ስለ ወሲባዊ ጥቃት የሚወራው ምን ያህል እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ከባድም ነው። ፔንታጎን (መከላከያ ሚኒስቴሩ) ራሱ በ2021 ባደረገው ጥናት በመደበኛ አገልግሎት ካሉ ሴቶች 8.4 በመቶ የሚሆኑት በዚያ ዓመት ያልፈለጉት ወሲባዊ ድርጊት ደርሶብናል ብለዋል። በ2023 ወደ 6.8 በመቶ ወርዷል። ወንዶችም ይጠቃሉ።

የችግሩ ሥር አለቃው ነበር። ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚለውን የሚወስነው የክፍሉ አዛዥ ነው። ተከሳሹ የሱ ጎበዝ አምሳ አለቃ ሊሆን ይችላል። በ2020 ቴክሳስ፣ ፎርት ሁድ አንዲት የ20 ዓመት ወታደር ጦር ሰፈሩ ውስጥ ተገደለች። ከመሞቷ በፊት ትንኮሳ እንደደረሰባት ለቤተሰቦቿ ተናግራ ነበር። ጉዳዩ ሀገር አናወጠ። 14 አዛዦችና ኃላፊዎች ተነሱ ወይም ታገዱ። ኮንግረስም እንዲህ ያሉ ከባድ ወንጀሎችን ከአዛዦች እጅ አውጥቶ ለልዩ ዓቃቤ ሕግ ሰጠ። ከዲሴምበር 2023 መጨረሻ ጀምሮ ይሠራበታል።

የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ከ1993 በፊት እንዴት ይስተናገዱ ነበር?

ከተገኙ ይባረራሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ "ሰማያዊ ስንብት" የሚባል ነበር፤ ወረቀቱ ሰማያዊ ስለሆነ ነው። የክብር ስንብትም አይደለም፣ የወንጀል ስንብትም አይደለም። ያገኘው ሰው ግን ለትምህርትና ለቤት የሚሰጠውን የቀድሞ ወታደሮች ጥቅም ያጣል። ቀጣሪም ሰማያዊውን ወረቀት ሲያይ ይገባዋል። ይህ ወረቀት ለጥቁር ወታደሮችም ከቁጥራቸው በላይ ይሰጥ ነበር፤ አስቸጋሪ የተባለን ሰው ያለ ብዙ ጣጣ ለማሰናበት ይመቻልና።

በ1982 መከላከያ ሚኒስቴር ተመሳሳይ ፆታ ማፍቀር ከውትድርና ጋር አይሄድም የሚል ግልጽ መመሪያ አወጣ። ከዚያ በፊት በ1975 ቬትናም ላይ ቆስሎ የተሸለመው የአየር ኃይሉ ሊዮናርድ ማትሎቪች ራሱ ሄዶ ለአለቃው ተናገረ። መባረሩን በፍርድ ቤት ለመሞገት አስቦ ነው። ተባረረ። ዋሽንግተን ያለው የመቃብር ድንጋዩ ላይ ስሙ የለም። ሁለት ሰው ስለገደልኩ ሸለሙኝ፣ አንድ ሰው ስላፈቀርኩ አባረሩኝ የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ነው ያለው።

"አትጠይቅ፣ አትናገር" ምንድን ነበር?

ቢል ክሊንተን በምርጫ ዘመቻቸው እገዳውን አነሳለሁ ብለው ነበር። የጦሩ አለቆችና ኮንግረስ አሻፈረኝ አሉ። በ1993 የወጣው ሕግ ስምምነት ነው። ጦሩ ስትገባ አይጠይቅህም፤ አንተም አትናገርም። ከተናገርክ ወይም ከታወቀ ትወጣለህ።

ሲሰሙት የሚያስማማ ይመስላል። ኑሮው ግን ሌላ ነው። ሰኞ ጠዋት ጓደኞችህ ቅዳሜና እሁድን እንዴት አሳለፍክ ሲሉህ መዋሸት አለብህ። ስልክህ ላይ የፍቅረኛህን ስም ትቀይራለህ። ግንባር ስትሄድ ሌሎቹ ሚስቶቻቸውን አቅፈው ሲሰናበቱ አንተ ብቻህን ትቆማለህ። ብትሞት መርዶው የሚነገረው ለሌላ ሰው ነው። ደብዳቤ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ኢሜይል ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። የተጣላህ ሰው አንድ ጥቆማ ይበቃዋል። ሴቶች ደግሞ ከቁጥራቸው በላይ ተባርረዋል። የወንድ ጥያቄ እምቢ ያለችን ሴት "እንትን ናት" ብሎ ማስፈራራት ቀላል መሣሪያ ነበር።

ከ13,000 በላይ ሰዎች በዚህ ሕግ ወጥተዋል። ከነሱ ውስጥ ጦሩ እጅግ የቸገረው የአረብኛ ተርጓሚዎች ይገኙበታል። ያውም ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ።

ኦባማ ሕጉ እንዲሻር ዲሴምበር 22 ቀን 2010 ፈረሙ፤ ሥራ ላይ የዋለው ሴፕቴምበር 20 ቀን 2011 ነው።

የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መግባት "የጓዶችን መተሳሰር ያፈርሳል" የሚለው ክርክርስ?

መጀመሪያ ሐቁን እንቀበል። መተሳሰር ቀልድ አይደለም። ወታደር ጥይት ውስጥ የሚገባው ከጎኑ ላለው ሰው ብሎ ነው። የሰጉት ሰዎች ሁሉ ክፉ ነበሩ ማለትም አይቻልም።

ግን ክርክሩ የመጣው ስንት ጊዜ ነው? በ1948 ነጭ ወታደር ከጥቁር ጋር አይተኛም፣ አብሮ አይበላም፣ ከጥቁር መኮንን ትእዛዝ አይቀበልም ተባለ። በ1970ዎቹ ሴት ከገባች ወንዱ ልቡ ይከፈላል ተባለ። በ1993 ሻወር ቤቱና መኝታው ተነሳ። ኮሊን ፓወል የመጀመሪያው ጥቁር ጠቅላይ ኢታማዦር ሹም ናቸው። እሳቸው በዚያን ጊዜ የቆዳ ቀለምና ይህ ጉዳይ አይገናኙም ብለው ተቃወሙ። በ2010 ግን ሐሳባቸውን ቀይረው መሻሩን ደገፉ።

በ2010 ፔንታጎን ወታደሮቹን ራሳቸውን ጠየቀ። ከ100,000 በላይ መለሱ። ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት ውጤቱ ጥሩ፣ ድብልቅ ወይም ምንም ይሆናል አሉ። ከተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ጋር ሠርቻለሁ ካሉት ውስጥ 92 በመቶው የክፍላቸውን የአብሮ መሥራት ብቃት መጥፎ አላሉትም። በጣም የፈሩት አብረው ሠርተው የማያውቁት ናቸው። የማሪን አዛዡ ጄኔራል ጄምስ ኤሞስ ሕጉ እንዳይነሳ በይፋ ተከራክረው ነበር። ከተነሳ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ችግር አላየሁም አሉ።

ለምን? ወታደር ቤት የሚያስተሳስረው መዋደድ ሳይሆን አብሮ መሥራት ነው። ማን ምን እንደሚወድ ሳይሆን፣ ሲያስፈልግ ይደርስልኛል ወይ ነው ጥያቄው። ሁለተኛው የአለቃው ነገር ነው። አዛዡ "ትእዛዙ ይኸው፣ አለቀ" ሲል ነገሩ ይሰክናል። አዛዡ ራሱ ዓይኑን ሲያፈጥ ወይም ሲያላግጥ ክፍሉ ይበጠበጣል።

የተባረሩት ተካሱ?

ከፊሎቹ። የስንብት ወረቀታቸው ላይ ምክንያቱ በግልጽ ስለሚጻፍ ሥራ ሲጠይቁ ምስጢራቸውን አብረው ያስረክቡ ነበር። ማመልከት ይቻላል፤ ወረቀቱና ምልልሱ ግን ያደክማል። በኦክቶበር 2024 ፔንታጎን ማመልከቻ ሳይጠብቅ ፋይሎችን መርምሮ ከ800 በላይ ሰዎችን ወደ ክብር ስንብት አዛወረ። ባይደን ደግሞ በጁን 2024 በዚሁ ጉዳይ በጦር ፍርድ ቤት ለተፈረደባቸው ምሕረት ሰጡ።

ፆታቸውን የቀየሩ ሰዎችስ?

ይህ እስካሁን ከእጅ ወደ እጅ የሚወረወር ጉዳይ ነው። በ2016 ተፈቀደ። በ2017 ትራምፕ አገዱ፤ እገዳው ከክስ በኋላ በ2019 ተግባራዊ ሆነ። በ2021 ባይደን አነሱት። በጃንዋሪ 2025 ትራምፕ እንደገና አገዱ። ሜይ 6 ቀን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክርክሩ እስኪያልቅ እገዳው ይሠራበት አለ። ከዚያ ወዲህ ሰዎች እየተሰናበቱ ነው። አሥር ዓመት እንኳ ባልሞላ ጊዜ አራት ጊዜ ተገለበጠ። በመሃል አገልግሎት ላይ ያለ ሰው ደግሞ የቤት ብድር አለበት፣ ልጆች አሉት።

በ2025 ሌላ ምን ተቀየረ?

የላይኛው ወንበር። ጠቅላይ ኢታማዦር ሹም የነበሩት ጄኔራል ቻርልስ ብራውን ጥቁር ናቸው። ባሕር ኃይሉን የመሩት የመጀመሪያዋ ሴት አድሚራል ሊሳ ፍራንኬቲ ናቸው። ሁለቱም በፌብሩዋሪ ተነሱ። ከነሱ በፊት በጃንዋሪ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አዛዥ አድሚራል ሊንዳ ፋገን ተነስተዋል። መከላከያ ሚኒስትሩ ፒት ሄግሴት ብዝኃነትን የሚመለከቱ ቢሮዎችና ፕሮግራሞች እንዲዘጉ አዘዙ። እሳቸው የሚሉት "ማዕረግ በችሎታ ብቻ" ነው። ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ የተነሱት ሰዎች በችሎታ አልመጡም ያለው ማን ነው ይላሉ።

ሌሎች ሀገሮች ምን አደረጉ?

ኔዘርላንድስ በ1974፣ ካናዳ በ1992፣ እስራኤል በ1993 የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን ፈቀዱ። እንግሊዝ በአውሮፓ ሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ተሸንፋ በጃንዋሪ 2000 እገዳዋን አነሳች፤ በ2023 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይቅርታ ጠየቁ። ኖርዌይ ከ2015 ጀምሮ ሴቶችንም በግዴታ ትመለምላለች።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግባት ይችላል?

በተራ ወታደርነት ይችላል። መኮንን ለመሆንና ምስጢር ነክ ለሆኑ ብዙ ሙያዎች ግን ዜግነት ያስፈልጋል። በክብር ያገለገለ ሰው ዜግነት ለማግኘት እንደ ሌላው አምስት ዓመት መጠበቅ የለበትም፤ የማመልከቻ ክፍያም አይከፍልም። መልማዩ በቃል የሚነግራችሁን ሁሉ አትመኑ። ውሉ ላይ ያልተጻፈ ቃል የለም በሉ።

ሴቶችም ለብሔራዊ ውትድርና ይመዘገባሉ?

አይመዘገቡም። ይህ መንግሥት ሰው በግዴታ መጥራት ቢያስፈልገው የሚጠቀምበት መዝገብ ነው እንጂ በፈቃድ መግባት አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1981 ወንድ ብቻ መመዝገቡን ያጸናው ሴቶች ለውጊያ ስለማይመደቡ ነው ብሎ ነው። ያ ምክንያት ከ2015 በኋላ የለም። በኮንግረስ የተቋቋመ ኮሚሽን በ2020 ሴቶችም ይመዝገቡ ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ኮንግረስ አላጸደቀውም። ስለዚህ ግዴታው ከ18 እስከ 25 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ ብቻ ነው። ግሪን ካርድ ያላቸውንና ስደተኞችንም ይጨምራል። ሳይመዘገቡ 26 ዓመት መሙላት በኋላ የዜግነት ማመልከቻ ላይ ጣጣ ያመጣል።